እማማ ማልሱን ብቻቸውን ፍርድ ቤት ስለ ቆሙበት ሐሙስ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ሜንግ ኢንሶክ፣
በዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ዝግጅት ማማከሪያ ክፍል ኃላፊ፣
ሴኡል

ክቡርነትዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ፣ በቃለ መጠይቁ ሰሞን የደከመው ጉሮሮዎም እንዳረፈ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ የሕግ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል፤ እንቅልፍ ግን አልተቀበለኝም።

አንደኛ፣ ፍልስፍና ልማር ስል «ውጤትሽን ታበላሺያለሽ፣ ቀላል ቀላሉን ያዢ» ብለው ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። በምክርዎ መሠረት ስለ ወይን ጠጅ ባህል ተምሬ ከፍተኛ ውጤት አምጥቻለሁ፤ ስለ ፍትሕ ለሚጠይቀኝም ስለ ወይን እመልሳለሁ።

ሁለተኛ፣ «ማመልከቻሽ ልብ አይነካም፤ አንድ ምስኪን ፈልጊ» ብለው በተከራዮች መርጃ ቢሮ በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። ፈለግሁ፣ አገኘሁም። እማማ ኦክ ማልሱን ከግቢያችን ጀርባ ባለው ቅያስ ልብስ ሲያስተካክሉ ያረጁ ሴት ናቸው፤ አከራያቸው ሱቁን ለሌላ ሊሰጥ ፈልጎ ከሷቸው ነበር። «እዚያ ስገባ ምላሴ ይተሳሰራል፤ አጠገቤ ብቻ ተቀመጪልኝ ልጄ» ሲሉኝ «እመጣለሁ፣ አይስጉ» አልኋቸው። ደስ ብሏቸው፣ ለቃለ መጠይቅ የገዛሁትን ጥቁር ሱሪ ከእጄ ነጥቀው «ዳኛ የሚሆን ሰው በሱሪው መሬት አይጠርግም!» እያሉ ጫፉን አሳጠሩልኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። የእሳቸው የፍርድ ቤት ቀጠሮና የእርስዎ የቃለ መጠይቅ ልምምድ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ላይ ዋሉ። ባማክርዎ «ሴትየዋ ሌላ ሰው አታጣም፤ አንቺ ግን ሌላ ወረፋ የለሽም» አሉኝ። እርስዎ መከሩ እንጂ እግሬን አላሰሩም፤ ወደ ልምምዱ የሄድኩት እኔ ነኝ። መርጃ ቢሮው ሌላ ሰው እንዲልክ እንኳ አልደወልኩም፤ ቀረች መባልን ፈርቼ።

እርስዎም «ለደካማ ሰው የቆምሽበትን ጊዜ ንገሪኝ» ብለው ጠየቁኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አጠፋሁትና፣ እሳቸው ባሳጠሩልኝ ሱሪ ተቀምጬ፣ ስለ እማማ ማልሱን እንባ እየተናነቀኝ ተናገርኩ። «ግሩም! ይህቺን ድምፅ እንዳትለቂያት!» አሉኝ። በዚያው ሰዓት እሳቸው በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የአከራዩ ጠበቃ «ለእርስዎም ይሻላል» ብሎ የዘረጋላቸውን የስምምነት ወረቀት ፈረሙ። ስምምነቱ ሱቁን ያለ ካሳ መልቀቅ ነበር።

በማግስቱ ስሄድ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ። «ፈተና ላይ ነበርሽ አይደል? ምን አጠፋሽ! እኔ ነኝ እንጂ መነጽሬን ረስቼ የፈረምኩት» አሉና የተጠበሰ ስኳር ድንች ልጠው ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ፈተና ሳይሆን ልምምድ ብቻ እንደነበር እውነቱን ነገርኳቸው። የድንቹን ልጣጭ ጠራርገው «እንዲያ ከሆነስ ፈተናሽን እለፊ እንግዲህ» አሉኝ።

በእውነተኛው ቃለ መጠይቅም ያንኑ ታሪክ፣ ያንኑ እንባ ደግሜ አለፍኩ። ያገኘሁትን ቦታ አልለቅም፤ የማፍረው በዚህም ጭምር ነው።

ምክርዎን አንድም ሳታስቀር የፈጸመች፣ በውጤቷም የምታኮራዎት ተማሪዎ፣
ፕዮ ሚራን

ማስታወሻ፦ ለመግቢያው ለሚዘጋጁ አዲስ ተማሪዎች «ከደካማው ጎን መቆም» በሚል ርእስ ንግግር እንዳደርግ ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የእማማ ማልሱንን የስፌት መኪና ተሸክሜ ከሱቁ ስለማወጣ አልገኝም። በርእሱ ላይ ልምድ ያለው ተናጋሪ ካጡ፣ ወንበሬን ባዶውን ያስቀምጡት፤ ከእኔ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።