የዶሮው ባክቴሪያና የላሙ ባክቴሪያ

ሰኔ 12፣ መቱ፣ ጠዋት
መብራት ሄደ። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ኮምፒውተር መሃል ላይ ቀጥ። እንደገና ከዜሮ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልተነጫነጭኩ ለማን ልነጫነጭ?

ሥራው ይኼው ነው። ፓስቱሬላ የሚባለውን ባክቴሪያ ከዶሮ፣ ከበግና ከከብት ወስጄ፣ ሙሉ ዘረመሉን አ.አ. አስነብቤ፣ አሁን ማን ከማን እንደሚዛመድ ማነጻጸር። ዶሮ ይፈጃል፣ በግ ያስላል፣ የከብት ጉሮሮ አሳብጦ በቀን ይገድላል። ስሙ ሁሉም ጋ አንድ። መ/ቤት ውስጥ፣ አንቺም ዘር ቆጠራ ገባሽ እያሉ ይስቁብኛል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር።

ሰኔ 14፣ ከሰዓት
እትዬ ዘይነባ ከኖፓ ደወሉ። ውጤቱ ደረሰ ወይ ነው። አልደረሰም። ድምፃቸው ተዳክሟል።

ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እትዬ ከሱቃቸው ጓሮ ዶሮ ያረባሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘው እንቁላሉ ነው። ግንቦት ላይ ከዶሮዎቹ ብዙዎቹ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው የኦቦ ዲንቃ ሁለት ላሞች። የእንስሳት ሐኪሙ ጉተማ፣ ማለትም ባሌ፣ ከሁለቱም ናሙና ወስዶ መረመረ። ስብሰባ ላይ ተጠየቀ፤ ሁለቱም ጋ ያለው ፓስቱሬላ ነው አለ። አልዋሸም። ሰው የሰማው ግን ላሞቹን የፈጁት የዘይነባ ዶሮዎች ናቸው የሚል ነው። አሁን ሽማግሌዎቹ የቀሩትን ዶሮዎች ታጥፋ፣ ለዲንቃም ጊደር ትካስ እያሉ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ይወስናሉ። እኔ እስከዚያ እደርሳለሁ ብያለሁ።

ምን አፌን አስከፈተኝ።

ሰኔ 17
አለቀ! መብራቱ ታዘዘልኝ።

የዶሮው ባክቴሪያና የላሙ ባክቴሪያ አይተዋወቁም። ጭራሽ። ሁለት ሰው ከበደ ስለተባለ ወንድማማች ይሆናል? የዲንቃ ላሞች ጋ ያለው ያዮ ገበያ ላይ ከታመሙ ከብቶች ከወሰድኩት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከገበያ ገበያ ከከብት ጋር የሚዞር ነው። ዶሮዎቹ የሞቱት በራሳቸው በሽታ። አንድ ሰሞን መሆኑ ብቻ ነው ጉዱ።

ብቻዬን ላብራቶሪ ውስጥ አጨበጨብኩ። ከዚያ አ.አ. ለአማካሪዬ ደወልኩ። ጥሩ፣ ግን ሳይታተም ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ አለኝ። ለመታተም ስንት ወር? እሱን አላለም።

ሰኔ 18
ለጉተማ ነገርኩት። እራቱን አቆመ። ተሳስቷል ከተባልኩ ነገ ከብቱን ለክትባት የሚያመጣልኝ ማነው አለ። ተናደድኩ። አንተ ስለ ስምህ፣ ሴትዮዋ ስለ እንጀራቸው አልኩት። ክፉ ንግግር ነበር። ስለ ስሙ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህ ሰው ለክትባት ስንት ጭቃ እንደሚረግጥ የማውቀው እኔ ነኝ።

ደክሞኛል። ሁለታችንም ደክሞናል።

ሰኔ 20፣ ዓርብ
ኖፓ ደርሼ መጣሁ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሚኒባሱን ወርደን ገፋን። አማካሪዬ ያለውን ይበል፤ ከቅዳሜ በፊት ለእትዬ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት።

ጓሮው ጭር ብሏል። ሽማግሌዎቹ ቀኑን አሳጥረው ትናንት ጨርሰውታል። ዶሮዎቹ አንድ ሳይቀር ታርደዋል፣ ጊደሯም ተሰጥታለች። እትዬና ኦቦ ዲንቃ ተሳስመው ታርቀዋል። እትዬ ሱቅ ውስጥ የዲንቃ ሚስት ስኳር እየገዛች አገኘኋት። ስንት ሳምንት ደጃቸውን ሳትረግጥ ከርማ።

እሷ እስክትወጣ ጠበቅኩ። አፌን ስከፍት እትዬ እጄን ያዙኝ። እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ልጻፈው፦ "አትንገሪኝ ልጄ። የኔ ዶሮዎች ናቸው ካልሽኝ ይቆጨኛል። አይደሉም ካልሽኝ ይብሳል።"

አልነገርኳቸውም። ለስላሳ ከፈቱልኝ። ጠጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰው መንገዱ አሟት ነው ብሎ መስኮት ከፈተልኝ።

ሰኔ 21
ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ዝም ማለት ይሻላል። ዶሮዎቹ አይመለሱ፣ ሰዎቹ ታርቀዋል። ወረቀቱ ሲታተም ኖፓ ውስጥ ማን ያነበዋል? ይብቃኝ።

ሰኔ 24፣ ማምሻ
አልበቃኝም።

ጉተማ ዛሬ ኖፓ ለክትባት ወጥቶ ነበር። ከሰፈሩ ከብት ሩቡ እንኳ አልመጣም። ኦቦ ዲንቃ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሉኩን ዱምቴ፣ ማሊፍ ሬ?" አለው። ዶሮዎቹ አልቀው የለ፣ ለምን ብሎ። ጎረቤቶቹም እንደሱ። ከላሞቹ የተረፈውን በሬ አላስከተበም። በዚያ ላይ ሁለት ላም ሊገዛ ነገ እዚያው ያዮ ገበያ ይወርዳል።

ጉተማ ይህን ሲነግረኝ ቁጭ አላለም። ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እኔው የተናገርኩትን እኔው ላርመው፣ አንቺ ግን አጠገቤ ቁሚ አለኝ። በረደህ፣ ካፖርትህን አውልቅ አልኩት። ይህን ሰው እወደዋለሁ።

ለዲንቃ ደወለለት። ነገ ገበያ እንዳትሄድ፣ ጠዋት እንመጣለን አለው። እሺ ብሏል። ሰፈሩንም ይሰበስባል። አማካሪዬ ይቆጣ እንግዲህ፤ ወረቀቱም ይቅር።

ከስብሰባው በፊት ግን ብቻዬን ሱቁ እገባለሁ። አደባባይ ላይ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። አትንገሪኝ ያሉኝን ሰው እንዴት ብዬ ልጀምር? ለጉተማ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። እዚህም ልሞክረው።

እትዬ ዘይነባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዶሮዎችዎ…