አምስተኛው ቤት

ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ
ሐምሌ

ይድረስ አክስት ሆነሽ ለተቀበልሽኝ፣ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ እማዬ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ እንደሚያምሽ ስለማውቅ የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ ለክት ብለሽ እንዳታስቀምጪው፤ ካልሲ ክት የለውም። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ናይሮቢም በሐምሌ ትበርዳለች ብልሽ አታምኝኝም። ሰዉ ጃኬት በጃኬት ደርቦ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ሲጠብቅ ብታዪው ደሴ የቆምሽ ይመስልሽ ነበር።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሙዘሚል ነው። የቢሮ ባልደረባዬ ነው፤ ለዕረፍት ደሴ እናቱ ጋ ይመጣል። ሳይበላ እንዳትለቂው። ሙስሊም ነውና ሥጋ አታስቢ፣ ያን ሽሮሽን ሥሪለት፤ አፍሮ በላሁ ቢልሽም አትመኚው። በስልክ መናገር እችል ነበር፤ ግን አንቺ በስልክ አታስጨርሺኝም። ደብዳቤ ደግነቱ መሃል ላይ አይገባበትም።

እሁድ ዕለት ያልሽኝን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። ቲኬት ቁረጪልኝ፣ መጥቼ ለሽማግሌዎቹ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፣ እሱን ከሰሙ በኋላ ጋብቻሽን የሚከለክል አይኖርም አልሽኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ካንቺ ሰምቼ አላውቅም። ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ቲኬቱን ቆርጬልሻለሁ። ያን ነገር ግን እንዳትነግሪያቸው። ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው ይህችን ለማለት ነው፤ የቀረው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ የሆነውን በቅጡ ልንገርሽ፤ እስካሁን ቆራርጬ ነው የነገርኩሽ። የኤልናታን ሽማግሌዎች የመጡ ቀን በእኔ ወገን የሚቀመጥ ዘመድ ስላልነበረኝ ጎረቤቴን ጋሽ ምሩጽን ለመንኳቸው። ኤርትራዊ ናቸው፣ ካቶሊክ፤ አማርኛቸው ድሮ አስመራ ተማሪ ቤት የተማሩት ስለሆነ ከእኛ የጠራ ነው። ከረባት አስረው መጡ። በእነሱ በኩል የኤልናታን እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፣ የእሳቸውም አጎት ጋሽ ሐብተማርያም። ጋሽ ሐብተማርያም የእናንተው አገር ሰው መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ላቪንግተን ልጃቸው ቤት የሚጦሩ የአዲስ አበባ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ኤልናታንን ጠይቄው ብሆን ኖሮም አይነግረኝም፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አገርህ የት ነው ቢሉት ሳውዝ ሲ የሚል ሰው ነው።

ከምርቃቱ በኋላ ዘር ቆጠራ ተጀመረ። ካህኑም ሰባት ቤት ሳይቆጠር ተክሊል የለም ብለውናል። እኔ አልፈራሁም። አባቴ ንጋቱ ወንድምሽ ነውና የእሱ ዘር ያንቺም ዘር ነው፤ ምስር እየለቀምን ያስጠናሽኝን ደግሞ ማን ይረሳል? ንጋቱ፣ ይመር፣ አሊጋዝ፣ ወልደሐና፣ ቢተው፣ ጓንጉል፣ እሸቴ። ልጅ ሆኜ አንዱን ስዘል ከመጀመሪያው ታስጀምሪኝ ነበር። ያን ቀን አንዱንም ሳልዘል በአንድ ትንፋሽ ተወጣሁት። ጋሽ ምሩጽ ኮርተውብኝ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

ጋሽ ሐብተማርያም ግን ቢተው ስል ቀና ብለው ነበር። የትኛው ቢተው? አሉኝ። የአምባው ቢተው፣ ማርያምን ያሳነጿት አልኩ፣ እንዳስተማርሽኝ። እሳቸውም ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጀምረው በጣታቸው ወደ ላይ ቆጠሩ። አምስተኛው ጣት ላይ ቢተው መጣ። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ኤልናታን፣ ሶ ዋት፣ አምስት ጄኔሬሽን እኮ ነው አለ። ጋሽ ሐብተማርያምም እህትህ ናት አሉት። ምግቡ ሳይነካ ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሳምንታት መዝገብ ፍለጋ ፈጀሁባቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ምናልባት ስሙ ተመሳስሎ ይሆናል፣ ከአገር ቤት ወረቀት ይምጣ ብለው ነበርና ሁላችንም በዚያች ምናልባት ተንጠለጠልን። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጊጊሪ ቢሮዬ ተቀምጬ በስደት ከቤተሰባቸው ለተለያዩ ልጆች ወላጅ እፈልጋለሁ። የሰውን እያገኘሁ የራሴን አጣለሁ ብዬ አልጠረጠርኩም። የአምባው ማርያም የክርስትና መዝገብ ከዕቃ ቤቱ ጋር በጦርነቱ ተቃጥሏል ተባልኩ። ወረዳው ማህደሩ ተዘርፏል አለኝ። የአባቴን የውትድርና ማህደር አለኝ የሚል ቢሮ ጠፋ፤ አንዱ ወደ ሌላው እየላከ የመጨረሻው መጀመሪያ ወደጠየቅሁት መለሰኝ። በወሊድ ሞተች ያልሽኝ እናቴ ደግሞ ከስሟ በቀር የምትፈለግበት ጫፍ እንኳ የላትም። ነገሩ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ሆነ። እንዲህ ስልሽ አዝኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። አንድ ቤተሰብ እንዴት እንዲህ ሙልጭ ብሎ ከወረቀት ላይ ይጠፋል? እሳቱን ለለኮሱት ሰዎች ስማችንን የማጥፋት ሥልጣን ማን ሰጣቸው?

ጋሽ ሐብተማርያም ያስጠሩኝ ይኼኔ ነው። ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሻይ አስመጡልኝ። ንጋቱን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ አሉኝ። ግራኝ ነበር፣ በግራ እጁ አትጻፍ ብዬ እቆጣው ነበር፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል አሉ። አባቴ ግራኝ መሆኑን ያኔ ገና ሰማሁ። ከዚያ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ተዝካሩንም በልቻለሁ አሉ። የድርቁ ዓመት ነበር፣ ሰባ ሰባት። የሚቀርብ ጠፍቶ እህቱ ባቄላ ቀቅላ ለሰዉ በእፍኝ በእፍኝ አደለች፤ በዚያ ዓመት ያን ባቄላ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል አሉኝ።

እኔ የተወለድኩት ሰባ ዘጠኝ ነው። አባትሽ አንቺ በተወለድሽ በዓመቱ ጦር ሜዳ ቀረ ያልሽኝም አንቺ ነሽ።

ጋሽ ሐብተማርያም የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸው ገፍተው ሊያስወጡኝ አልፈለጉም፤ በሩን ከፍተው እኔው እንድወጣ ተዉልኝ። አንድ ቃል ብናገር ቢተው አያቴ አይደለም፣ ኤልናታንም ወንድሜ አይደለም፣ ተክሊሉም ይደርሳል። የምትይኝ ካለ ልጄ፣ እኔ ጋ ይቀራል አሉኝ።

ጋሼ፣ ዕድሜዎ ገፍቷል፣ ዓመቱ ተምታቶብዎ ይሆናል አልኳቸው።

እሳቸውም፣ ይሆናል፣ ሽማግሌ አይደለሁ፣ ተምታቶብኝ ይሆናል አሉ። ሻዬን ጨርሼ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

አሁን ስሚኝ። ልትነግሪያቸው ያሰብሽውን እኔም አልጠይቅሽም። ከየት፣ ከማን፣ በየትኛው መንገድ ዳር ብዬ አልጠይቅሽም። አንድ ቀን ራስሽ መናገር ከፈለግሽ እሰማሻለሁ፤ ለሽማግሌ ፍርድ ሲባል ግን አይሆንም። እኔን ለመዳር ብለሽ እናትነትሽን ሰው ፊት አውጥተሽ እንድታፈርሺው አልፈቅድልሽም።

ሥራ ቦታ አንድ ደንብ አለን። ወረቀት የሌለው ልጅ ሲመጣልን አባትህ ማነው ብለን አንጀምርም፤ ሲመሽ ከጨዋታ ማን ነበር የሚጠራህ እንለዋለን። ልጁ አንድ ሰው ይነግረናል፣ እኛም ያን ሰው ፍለጋ እንወጣለን። እኔን ሲመሽ በሩ ላይ ቆመሽ የምትጠሪኝ አንቺ ነሽ። ያውም ዓይናለም ንጋቱ ብለሽ፣ ከነአባቴ ስም። የሌሎቹ እናቶች ሚጣዬ፣ ማሙሽዬ ሲሉ አንቺ ሙሉ ስም ትጠሪ ነበርና ልጆቹ እናትሽ እንደ ክፍል አስተማሪ ነው የምትጠራሽ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አፍርብሽ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ሰፈሩ እንዲሰማው ነበር።

ንጋቱ መቃብር የለውም። ፎቶ የለውም። መዝገቡ ተቃጥሏል። በዚህ ዓለም ላይ ስሙ ተጽፎ ያለው ፓስፖርቴ ላይና አንገቴ ላይ በማንጠለጥለው የቢሮ ባጅ ላይ ብቻ ነው። እኔ የእሱ አይደለሁም ካልኩ ማን ይቀርለታል? ለባል ብዬ አባቴን አልክድም። ለተክሊል ብዬ አንቺን ባዳ አላደርግም። ቁጠሪ አሉኝ፣ ቆጠርኩ፤ ሌላ ዘር አላውቅም። ዘመዷን አገባች የሚል ካለ ይበል፣ ሐሜቱን እችለዋለሁ።

ኤልናታንስ ትይኝ ይሆናል። መውጫ አለ፣ ግን አልወጣበትም፣ ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ አልኩት። ተጣላን። አስቸጋሪ ሰው ነሽ አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ጠፋ። ስልክም አልደወለ። አለቀ ብዬ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደሱ ያለ ሰው ዳግመኛ አላገኝም ብዬ ፈርቻለሁ። ያም ሆኖ ወደ ጋሽ ሐብተማርያም አልተመለስኩም። አንድ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ ሬጂስትራሩ ጋ ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ፓስፖርት ሳይዝ፣ ባክግራውንዱ ነጭ ይሁን አለኝ። እናትህስ? አልኩት። እሷን ለእኔ ተዪልኝ አለ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ከእሱ አልጠብቅም።

ሬጂስትራሩ ቢሮ፣ የመንግሥት ጋብቻ መዝጋቢው ጋ፣ የምትሠራው ሴትዮ ዝምድና አላችሁ ወይ ስትለን፣ አዎ፣ አምስተኛው ቤት ላይ አልኳት። የምን ቤት? ብላ ግራ ገባት። ሳስረዳት መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ በእኛ ሕግ ይሄ ጎረቤት እንኳ አይባልም አለችን። ኤልናታንም ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ንጋቱ ይመር ብዬ ጻፍኩ።

ቤተ ክርስቲያን ካባ ለብሼ እንደማታዪኝ አውቃለሁ። ለዚያ ስትሳዪ እንደኖርሽም አውቃለሁ፤ የሚቆጨኝ ይኼ ብቻ ነው። ግን ነይ። ምንም የምታስረጂው ነገር ሳይኖርሽ፣ እንደ ማንኛዋም የሙሽራ እናት ነጭሽን ለብሰሽ ነይ። ጋሽ ምሩጽ ከረባታቸውን አስረው ኤርፖርት ይቀበሉሻል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መምጣታቸው አይታወቅም፤ ከመጡ ቀድመሽ ሳሚያቸው። ጋሽ ሐብተማርያም ግን እመጣለሁ ብለው ልከውብኛል። ዓመት ከጠየቁሽ ረሳሁት በያቸው። ስለ ባቄላው ከጠየቁሽ ንገሪያቸው፤ ያን ከየት እንዳመጣሽው እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ይህን ያህል ዘመን ብቻሽን ችለሽዋል፤ ከእንግዲህ ለሁለት ነው የምንሸከመው።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ምስሩን ዘርግተሽ እነዚያን ስሞች ለልጄ የምታስጠኚበት ዕድሜ ይስጥሽ፤ አንዱን ከዘለለም እንደኔው ከመጀመሪያው አስጀምሪው። አይሮፕላን ውስጥ ይበርዳልና ካልሲውን አድርጊ።

ናፋቂሽ፣
የወንድምሽ ልጅ