በኑግ ዘይት የታሹት ሃያ ጥይቶች

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ኪዳነ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፤ ቁልቁለቱን አሁንም በዱላ ነው የሚወርዱት? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? ከወንድሜ ከፍሬው ሞት ወዲህ እንዴት አላችሁ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን በሌላ በምን ልጀምር? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ቀን ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም እውላለሁ። ይህን የምታደርስልዎ አብራኝ የምትሠራው፣ ለዕረፍት ወደ አገር የምትመጣው ገነት ናት፤ በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር አለ። የኔነሽ ታንብብልዎ። የኔነሽ እህቴ፣ አንድም መስመር ሳታስቀሪ አንብቢ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ደውለው፣ ለምንሽሬ ርካሽ ሆኖ የማይከሽፍ ጥይት የቱ እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ለከርከሮ ነው ብለውኝ ነበር። ጠይቄያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጸዳው የተኳሾች ፌራይን አለ። ፌራይን እንደኛ ዕድር ያለ ማኅበር ነው፤ እነዚህ ግን የሚሰበሰቡት ለኢላማ ነው። እነሱ ይተኩሳሉ፣ እኔ ቀለሁን እጠርጋለሁ። ከመካከላቸው ሄር ብራንት የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አዳኝ አሉ፤ የጥይት ወሬ ከተነሳ ምሳቸውንም ይረሳሉ።

ለልምምድ ርካሹ ይበቃል፣ ለአደን ሻል ያለው ይገዛ አሉኝ። ተዘርግፎ በጆንያ የሚሸጠውን አትንኩ፤ በፓኮው የታሸገ፣ ልኩም ከጠመንጃው የሚገጥም ይሁን። መጀመሪያ አንድ ፓኮ ብቻ ገዝቶ ኢላማ ላይ መሞከር ነው። ሳይከሽፍ አንድ ቦታ ላይ ከመታ፣ ከዚያው ዓይነት ይጨመራል። ድምፁ አነስ ካለ ግን እዚያው ማቆም፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ከኋላ በኩል አፈሙዙን ማየት። የጥይቱ እርሳስ ውስጡ ቀርቶ ይሆናልና፣ በላዩ ላይ ሌላ የደገመ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል አሉ።

መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። የፍሬው ነገር እኮ ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ ፍስስ ብላ ቀረች፣ ከርከሮው እንዳያመልጠው ፈጥኖ ደገመ፣ የራሱ ምንሽር ፊቱ ላይ ፈነዳ፤ የኔነሽ የነገረችኝ እንዲህ ነው።

ታዲያ ጥይትን ምን ያበላሸዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። እርጥበት፣ ከእርጥበት ደግሞ ዘይት ይብሳል አሉኝ፤ በቂጧ በኩል ሰርጎ ባሩዱን ይገድለዋል። ጀርመንኛዬ አታሎኝ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ። አላታለለኝም።

አባዬ፣ ከአገር ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ከዘውዴ የገዟቸውን ሃያ ጥይቶች ዝገት እንዳይበላቸው ብዬ በኑግ ዘይት ያሸኋቸው እኔ ነኝ። ዘይት በጠጣ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ከጎተራው ሥር ቀበርኳቸው። እርስዎም ንብረት የሚያውቅ ልጅ ብለው መረቁኝ። አምስት ክረምት በዘይት ተነክረው ከረሙ። ፍሬው በመስከረም በቆሎ ሲጠብቅ የተኮሰው ከዚያ ጣሳ አውጥቶ ነው። ዘውዴ የሸጠልን ደህና ጥይት ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን በገዛ እጄ ገደልኩት፤ ይህን ከጻፍኩ በኋላ እጄን ማየት ያስጠላኛል።

አሁን የፈራሁትን ልናገር። በታኅሣሥ በቆሎው ተሰብስቧል፤ ከርከሮ ምን ሊበላ ይመጣል? ዘውዴ ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ፣ ልጄን የገደለው የሸጠልን ብልሹ ጥይት ነው ብለው ከደጅ መለሱት፣ ሽማግሌ ቢላክም አልሰማም አሉ። የማይከሽፍ ጥይት ለማን እንደፈለጉ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ሁለት ወር ዝም ያልኩት እርግማንዎን ፈርቼ ነው። ይርገሙኝ፣ ግዴለም። ዘውዴን ግን ይተዉት፤ እሱም ልጆች አሉት። ከጣሳው የቀሩትንም ማንም እንዳይተኩሳቸው።

እማዬን እግሯን ሳሙልኝ። የኔነሽ፣ ይህን ሁሉ በአፍሽ ስላስነበብኩሽ ይቅር በይኝ። ለፍሬው ሚስት ሰላም በሉልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ሰምታ ስታበቃ ሰላምታዬን ከፈለገች ትቀበለው። ዘውዴንም ሰላም በሉልኝ። አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ ይዘው እርስዎ ራስዎ ወደ ቤቱ ይሂዱ፤ ምንሽሩን ግን እቤት ይተዉት።

ልጅዎ ግሩም
ሪደርቫልድ፣ ፍራንክፈርት
የካቲት ፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.