የአምስት ዓመቱ ሞተር

ጥቅምት 3
ዛሬም የጀልባችን አሮጌ ሞተር አልነሳም አለ። ታላቅ ወንድሜ ካንዴላውን ፈታ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠዋል... ሐኪም ነኝ ባይ! ሃያ ዓመት አብረን ስናሰግር ይኸው ነው ሥራው። በመጨረሻ ተነሳ። ገበያ የደረስነው ግን ከተበተነ በኋላ ነው። ይበቃል። አዲስ እገዛለሁ፤ ያውም በደንብ አጥንቼ።

ጥቅምት 5
ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የመጀመሪያው ሻጭ፣ "ይሄ አይበላሽም ጌታዬ።" ካልተበላሸ ዋስትናው ለምኑ ነው? አልኩት። አንገቱን አከከ። ሁለተኛው እንደ አሮጌያችን በገመድ የሚነሳውን አሳየኝ። ዋስትናው አንድ ዓመት። ጃንጥላዬ እንኳ ከዚያ በላይ ቆይታለች! ሦስተኛው ጋ ያለው በቁልፍ ይነሳል፤ ያብረቀርቃል። አምስት ዓመት።

ጥቅምት 6
መካኒኩን ጠየቅሁ። ዓሣ ነጋዴዋን ጠየቅሁ። የሚስቴን አጎት ሳይቀር። ሁሉም አምስት ዓመቱን አሉ።

ጥቅምት 8
ገዛሁት። ቅጹ ላይ "ለመዝናኛ ወይስ ለሥራ?" ይላል። አምስት ዓመቱ ለመዝናኛ ነው ለካ፤ ለሥራ ከሆነ ስድስት ወር ብቻ። ሻጩ በዓይኑ ጠቀሰኝ። "ዓሣ ማስገር አያዝናናም እንዴ ጌታዬ?" መዝናኛ ላይ ምልክት አደረግሁ። ስድስት ወር የሚመርጥ ሞኝ ነው።

ወንድሜ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። "ውሃ ላይ ቢቆም በምን ይፈታል?"
"አይቆምም ጋሼ። አምስት ዓመት እኮ ነው!"
"እሺ። አንዴ ካቆመኝ ግን ከአንተ ጋር አልወጣም።"
በዚህ ሊያስፈራራኝ ነው!

ኅዳር 2
የአዲሱ ሞተር ድምፅ እንኳ አይሰማም። ወንድሜ ዝም ብሏል። ቅናት ይሆን?

ኅዳር 19
ቆመ።

ውሃው መሀል ላይ ነን፤ ነፋስ ተነስቷል። ቁልፉን ባዞር ባዞር ቀይ መብራት ብቻ። ወንድሜ ክዳኑን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ከደነ። ውስጡ ሽቦና የታሸገ ሳጥን ነው፤ ምኑ ይፈታል? ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ሲገፋን ወንድሜ መረባችንን ቆርጦ ጣለው። "ቅዘፍ!" አለኝ። ሦስት ሰዓት ቀዘፍን። ለሰው አልፈራሁም ብያለሁ... ፈርቻለሁ።

ኅዳር 24
ከሞተሩ ድርጅት መርማሪ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፤ ጭቃውን በእግሩ ጫፍ እየረገጠ። ክዳኑን ከፍቶ በወረንጦ የዓሣ ቅርፊት አወጣ። አንድ... ሁለት... ወረቀት ላይ ደረደረልኝ።
"ለመዝናኛ ነው ያሉት?"
"ዓሣው አልፎ አልፎ ይዘላል" አልኩ። ይዘላል! ከዚህ የተሻለ ውሸት አጥቼ? ዋስትናው ተሰረዘ።

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "ለሥራ ብትል ኖሮ ስድስት ወሩ ገና ነበር" ብሎኝ ሄደ። ያ መካኒክ፣ ያቺ ነጋዴ፣ ያ ሻጭ... ሁሉንም ስረግም ዋልኩ።

ኅዳር 25
ወንድሜ አልመጣም።

ኅዳር 27
ወንድሜን ሌላ ጀልባ ላይ አየሁት። ብቻዬን ልቀዝፍ ሞከርኩ፤ ጀልባዋ እዚያው ዞረች። ዳር የቆሙት ሳቁ። ይሳቁ! ሃያ ዓመት በቀኝ በኩል የሚቀዝፈው እሱ ነበር። ናፈቀኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 1
ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስለማመድ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።
"ጋሼ፣ የትኛውን ሞተር እንግዛ?"
መርፌው እጁ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።
"ሃያ ዓመት አብረን ስንወጣ፣ እኔን ስትጠይቀኝ ዛሬ ገና ነው" አለ።
መረቡን ወደ ጉልበቱ ሰበሰበና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።