ዝግ ተሳቢ ለስፌት መኪኖቹ

መስከረም 24፣ 1996 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የመርፌ ዘንጎቹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬ እየጠበቅኩ ነው። ትናንት ከአምደወርቅ ገበያ ስንመለስ ደሃና ላይ በረዶ ወረደብን። የፒካፑ ሸራ አልቻለውም። ለጥገና የተቀበልኳቸው የስፌት መኪኖች ሁሉ ረጠቡ፤ የልብስ ሰፊዋ የታደለች መኪና ከሁሉም ባሰ። ባል የላት፣ መሬት የላት፣ ልጆቿን የምታሳድረው በዚያች መኪና ነው። ወንድሜ ሰዒድ ፒካፑን እያጠበ ያንጎራጉራል። ተናደድኩበት። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ግን ተናደድኩ።

ዝግ ተሳቢ ያስፈልገናል። የሚቆለፍ፣ ውሃና አቧራ የማያስገባ። የፒካፑ ጀርባ ለሰዒድ ሸቀጥ ይሁን።

መስከረም 29

ሰዒድ ወልድያ አንድ ተሳቢ አይቶ መጣ። ነጭ፣ አልሙኒየም። በሁለት ጣት ይጎተታል ይላል። አባዬ ቀላል ነገር ቶሎ ይሰበራል አሉ። ጥገናውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የዝቋላንም የአበርገሌንም ገበያዎች በአህያ ዞረዋል። እግራቸው ከታመመ ወዲህ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ያርማሉ እንጂ ገበያ አይወጡም።

ጥቅምት 5፣ ከወልድያ መልስ

አየሁት። ያምራል፣ አልክድም። ውስጡ ገባሁና ሰዒድን በሩን ዝጋብኝ አልኩት። ጨለማ መሆን ነበረበት። በየማዕዘኑ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ከገባ አቧራም ይገባል። ሻጩ ሳቀብኝ፤ የሚጫነው እቃ እንጂ ሰው አይደለም አለ። ጎማውን ጠየቅኩ። ከፒካፑ ጎማ ጋር አይገጥምም። አበርገሌ በረሃ ላይ ቢፈነዳ ቅያሪው ከየት ይመጣል? ተውኩት።

ሰዒድ እስከ ኮረም አላናገረኝም። ኮረም ላይ ሙዝ ገዝቶ ሰጠኝ። ከዚያም አላናገረኝም።

ጥቅምት 9፣ ሰቆጣ

የታደለች መኪና ዳነች። ክር አትበጥስም።

በያጁ አያ ክንፈ ተሳቢውን ሊሠራልን ተስማማ። ወፍራም ላሜራ። የአሮጌ መኪና አክስል። ጎማው ከፒካፑ ጋር አንድ ዓይነት። በጎን በኩል ወደ ላይ የሚከፈት በር፣ ዙሪያውን ላስቲክ የለበሰ። አጠር ይበል አልኩ። አባዬ ይርዘም አሉ። ለምን? ይርዘም ብቻ። አያ ክንፈ የሽማግሌ ቃል አይጥስም፣ እሳቸውን ሰማ። ተቀየምኩ። ለአንተ ነው የምነግርህ፣ ማስታወሻዬ፤ እሳቸው ፊት አልተነፈስኩም።

ጥቅምት 17፣ ከምሳ በኋላ

አለቀ። ውስጡ ገብቼ አስዘጋሁ። ድቅድቅ ጨለማ። ደስ አለኝ። በሩ ሲከፈት ግን በኋለኛው ጫፍ አግዳሚ ወንበር ተበይዶ አየሁ። እኔ አላዘዝኩም። አያ ክንፈ ዓይኑን ሰበረ። ያዘዙት አባትሽ ናቸው፣ መቀመጫቸው ነው አለኝ።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳቸው።

"የጽጽቃን ገበያ ልብስ ሰፊዎች ሳላያቸው ልሙት?" አሉኝ።

በኽምጣኛ የሚያወጓቸው የድሮ ወዳጆቻቸው እዚያ ናቸው። ገበያው ይናፍቃቸው እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የማወራቸው ስለ ሥራ ብቻ ነው።

ጥቅምት 21

ሙከራ ወደ ጽጽቃ። እኔና ሰዒድ ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ፒካፑን ይገፋ ጀመር። ሰዒድ ማርሽ ቀነሰ። ፍሬን ያዘ። የተሳቢው ኋላ ወደ ገደሉ ዞረ። ቋጥኝ ያዘልን፤ እዚያው ተደግፎ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። መጎተቻው ብረት ታጥፏል።

ሰዒድ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። አባዬ ከውስጥ ቢሆኑ ኖሮ አለ። እኔም የማስበው እሱኑ ነበር።

ጥቅምት 22

አያ ክንፈ መረመረው። ረዝሟል። ከብዷል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ከኋላ ተቆርጦ አክስሉ ይስተካከል አለ። የሚቆረጠው አግዳሚው ያለበት ነው። ለአባዬ ማን ይንገራቸው? ሰዒድ አንቺ አለኝ። እኔ አንተ አልኩት።

ነገርኳቸው። ገደሉንም አልደበቅኩም።

"መቼም እንደ እቃ ከኋላ መጫን ወድጄ አይደለም" አሉ። "ከፊት ብቀመጥ አጣብባችኋለሁ ብዬ ነው።"

ሰዒድ ተነስቶ ወጣ። እኔ መርፌ ስለቅም ቆየሁ።

ጥቅምት 24

ሰዒድ አባዬን አዝሎ ብየዳ ቤት አደረሳቸው። ጠመኔ ተቀብለው መስመሩን በራሳቸው እጅ አሰመሩ፣ ከአግዳሚው ወዲህ። ቁረጥ አሉት አያ ክንፈን። ላሜራው እስኪወድቅ ዘወር አላሉም። አጠረ፤ አክስሉም መጎተቻውም ተስተካከሉ። ከፒካፑ ጋር ተቀጥሎ ሲታይ እንዲያውም ልኩ ይህ ነው።

የጎኑን በር ከፍቼ ጥላውን አሳየኋቸው። በርጩማ እንይዛለን፣ እዚህ ሥር ሆነው ይሠራሉ አልኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና፣ ሱቁንስ ማን ይጠብቃል አሉ። ሰዒድ እኔን አየኝ። ሁልጊዜ ከሦስታችን አንዳችን እንቀር ነበር፤ አሁን አሁን እሳቸው።

ወስኛለሁ። የጽጽቃ ገበያ ዕለት ሱቁ ይዘጋል። ሦስታችንም ከፊት እንቀመጣለን፤ አባዬ በመስኮቱ በኩል።