የማን ሁለት ሰዓት?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ጁባ

ሽንኩርቱ ዛሬም አልገባም። የመንገዱ ጥፋት ቢሆን አማርሬ እተወው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔው ነው። ከድንበሩ፣ ከኒሙሌ፣ መኪኖቹ በወታደር ታጅበው በኮንቮይ የሚነሱት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ትናንት ለሾፌሬ ለላዶ ደውዬ በዚያች በተሰባበረች ጁባ ዓረብኛዬ "ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ እንዳያመልጥህ" አልኩት። እሱ ታዲያ ከምሳ በኋላ፣ በነሱ ሁለት ሰዓት፣ በኛ ስምንት፣ ከች አለ። ኮንቮዩ ከሄደ ስንት ጊዜው! አራት ዓመት እዚህ ኖሬ አፌ አሁንም የሚቆጥረው በአገሬ ሰዓት ነው።

ጀበል ወደሚባለው ምግብ ቤቴ ስገባ ወጥ ሠሪዋ ጽጌ ጠበቀችኝ። "ጋሼ፣ በጾሙ ሥጋ የለ፣ ያለ ሽንኩርት ምን ልሥራ?" አቅራቢ ቀየርኩ፣ መኪና ቀየርኩ፣ በኬንያ በኩልም ሞከርኩ። ምላሴን መቀየር ግን አቃተኝ።

አመሻሽ ላይ ላዶ ደወለ። "ነገስ በስንት ሰዓት ልድረስ፣ ቦስ?"

"ሰዓቱን ተወው። ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ሁን።"

ሳቀብኝ። "እሺ፣ ፀሐይዋ እንኳ አንድ ናት።"

ኮንቮዩ በየቀኑ አይነሳም፤ ነገ መኖሩን ግን ሁለታችንም ሳናጣራ ስልኩን ዘጋን።