ግማሽ ጠርሙስ ቀለም

ጥቅምት ፫
ዛሬም ክርክር። አዲሷ የላቦራቶሪ ባለሙያ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ማቅለሚያውን ልትደፋ ስትል ደረስሁባት። «ጋሼ፣ ጊዜው አልፏል እኮ።» ግማሽ ጠርሙስ ነው! ብክነትን ያልተጸየፈ እጅ ምን ሊጸየፍ ነው? ነጥቄ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። «እርስዎ ሆምጣጤ የሆነ ወተትም አይደፉም» አለች። ምላስ!

ጥቅምት ፭
አንድ ዳቦ ጋጋሪ አክታውን አመጣ። የዱቄቱ ብናኝ ደረቱን ዘግቶታል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። የሐኪሙ ጥያቄ አንድ ነው... የተቆጣው የአየር ቧንቧ ከደም የጠራው የትኛውን ነጭ ሴል ነው? ሲቀለም ብርቱካናማ ፍሬ የሚሞላበትን ከሆነ፣ አሁን በአፉ የሚስበው መድኃኒት ይረዳዋል። ፈዛዛውን ከሆነ፣ እምብዛም። በተረፈው ቀለም አቅልሜ ቆጠርሁ። ከመቶው ሰማንያው ፈዛዛ።

«ሁለት ሰው ለየብቻው ይቁጠር» የሚለውን ደንብ ግድግዳው ላይ የለጠፍሁ እኔው ነኝ። ልጅቷ «እኔም ልየው?» ስትል ግን... «ሠላሳ ዓመት ቆጥሬአለሁ። ሁለተኛ ቆጣሪ ብለሽ ፈርሚ!» ፈረመች።

ጥቅምት ፲፭
ሐኪሙ በእኔ ቆጠራ ተመርቶ መድኃኒቱን ካስቆመው ወዲህ ጋጋሪው ብሶበታል። ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «አባባ፣ ትናንት ዳቦው ምድጃ ውስጥ እያረረ፣ እሱ ተነሥቶ ማውጣት አቃተው። ወረቀቱ ልክ ነው?» «ልክ ነው!» ብዬ ጮኽሁባት። ልክ የሆነ ሰው ይጮኻልን?

ጥቅምት ፲፮
ልጅቷ ከጋጋሪው አክታ ያን ዕለት ሳይቀለም የተረፈውን ስላይድ በአዲስ ቀለም አቅልማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ይቆጡኝ። ግን ይዩት።»

አየሁ። ብርቱካናማ በብርቱካናማ! ለካ የፈዘዘው ሴሉ አልነበረም... ቀለሜ ነው። ሊጠብቁት ተጠርተው ደረቱን የሚያቃጥሉት እነዚህ ነበሩ፤ የሚያግዳቸውን መድኃኒት ያስቆምሁ ደግሞ እኔ። ለግማሽ ጠርሙስ ሳስቼ የሰው ትንፋሽ ደፋሁ።

«አሁን ልድፋው?» አለች፣ በቀስታ። «እኔው እደፋዋለሁ።» ደፋሁት። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ እሷም የፈረመችው ሳታይ በእኔ ትእዛዝ መሆኑን ነገርሁት። ለጋጋሪው ሚስትም ደወልሁ። «መድኃኒቱን ዛሬውኑ ልጀምርለት?» ብቻ አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ኅዳር ፲
ጋጋሪው ለዳግም ምርመራ መጣ። ኮሪደሩን ሳያርፍ ዘለቀው። «ያኔ የቆጠሩት እርስዎ ነዎት አሉ?»
«እኔ ነኝ።»
ትኩር ብሎ አየኝ። «ዛሬስ ማን ሊቆጥር ነው?»
ስላይዱን ለልጅቷ አቀበልሁ። ቆጥራ ስታበቃ ቁጥሯን እንዳላይ ወረቀቱን ገለበጠችው። ደግ አደረገች።
ከዚያ በኋላ እኔ ቆጠርሁ።